ባንዱን ልተወው ወይ ለምትሉኝ

ሰሞኑን ከወጣት ጊታሪስቶችና ኪቦርዲስቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደጋገመ ይመጣልኛል። "ባንድ ውስጥ እጫወታለሁ፣ ግን የፊልም ሙዚቃ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ባንዱን ልተወው ወይ?" እኔም ከናይት ክለብ መድረክ ተነስቼ ነው ወደ ድራማና ፊልም ማጀቢያ የገባሁት። እንደ ታላቅ ወንድም ልንገራችሁ፦ አትተዉት።

የታወቀውን የሆሊውድ ፊልም ሙዚቃ ሠሪ ዳኒ ኤልፍማንን እዩ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኦይንጎ ቦይንጎ የሚባል የሮክ ባንድ መሪና ድምፃዊ ነበር። ሙዚቃን ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም። የፊልም ዳይሬክተሩ ቲም በርተን ባንዱን ይወደው ነበርና የመጀመሪያውን ረጅም ፊልሙን ሲሠራ ሙዚቃውን ለእሱ ሰጠው፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ። ለኦርኬስትራ መጻፉን ማን አገዘው? የባንዱ ጊታሪስት፣ ስቲቭ ባርቴክ! ኤልፍማን ያመጣውን ዜማ ለየመሣሪያው ያከፋፍል የነበረው እሱ ነው፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አብረው ሠርተዋል። ባንዱም እስከ 1995 ቆየ። አስር ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ይዞ ነው የሄደው፣ ሲምፕሰንስ የሚባለውን የካርቱን ተከታታይ የመግቢያ ሙዚቃ የሠራውም በዚያው መሃል ነው።

ከባድ የሚሆንባችሁ ሌላ ነገር ነው። መድረክ ላይ ሥራችን መሰማት ነው፤ ሶሎ ሲደርስ ወደፊት እንወጣለን። እኔም ይህንኑ ይዤ ነበር የመጀመሪያ ድራማዬን የሠራሁት። አንዲት እናት የልጇን መርዶ የምትሰማበት ትዕይንት ነበር፣ እኔ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ያህል ጊታር አለቀስኩበት። ዳይሬክተሩ ዝም ብሎ አዳመጠና የእኔን ትራክ አጥፍቶ እንደገና ከፈተው። ነጠላዋ ከትከሻዋ ሲንሸራተት ይሰማል። ትንፋሿ ይሰማል። "አሁንስ?" አለኝ። ምንም መመለስ አልቻልኩም፣ እንባዬ መጣ። በመጨረሻ የቀረው እናትየዋ ከክፍሉ ከወጣች በኋላ የምትገባ አንዲት የቤዝ ድምፅ ብቻ ናት። እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ የምወዳት እሷን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሐዘን በመጣ ቁጥር ዋሽንትና ትዝታ የምታስገቡ ልጆች እባካችሁ ረጋ በሉ። ትዝታን ስለምወደው ነው የምለው። ባቲም አለ፣ አምባሰልም አለ፣ ዝምታም አለ።

ሒሳቡንም ልመዱት። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ነው የሚሄደው። ቴምፖአችሁ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንዱ ምት 12 ፍሬም ይይዛል። ቪዲዮው በ25 ፍሬም የተሠራ ከሆነ ግን 12 ተኩል ይሆናል፣ በሩ የሚዘጋበትና ከበሮው የሚመታበት ቅጽበት ትንሽ ይሳሳታል። ስለዚህ ሥራ ስትቀበሉ ከሁሉ በፊት ኤዲተሩን ስንት ፍሬም እንደሆነ ጠይቁት፣ ቆረጣው አልቆ እንደሆነም ጠይቁት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሠርታችሁ ጠዋት ላይ ትዕይንቱ በ7 ሴኮንድ አጥሮ መምጣቱ ያማል።

ውል ደግሞ በጽሑፍ ይሁን። እኔ በቃል ተስማምቼ የሠራሁት ተከታታይ ድራማ ስንት ጊዜ ተደግሞ ሲታይ አንድ ብር አልደረሰኝም። ስማችሁ የት እንደሚጻፍ፣ ሙዚቃው ሌላ ቦታ ሲገባ ምን እንደሚከፈላችሁ፣ ፊርማ ሳይኖርበት ፋይል አትላኩ።

የድሮ ባንዳችን ድራመር አሁንም ስቱዲዮዬ ይመጣል። ትዕይንቱን ያለ ሙዚቃ አሳየዋለሁ፣ ቀጥዬ ከሙዚቃው ጋር። አብረን ስንት ሌሊት ስለተጫወትን ፊቱን አውቀዋለሁ። አይኑን ከስክሪኑ አንስቶ ወደ ስፒከሩ ካየ፣ ያንን ቦታ አጠፋዋለሁ።