ደብረ ብርሃን ላይ በባንክ ብድር የሚከራይ ቤት ስለ መግዛት

ጠያቂ ወንድማችን፣ ደብረ ብርሃን ላይ በብድር ቤት ገዝተው ዕዳውን በኪራዩ መክፈል ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። ለምሳሌ 3 ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ቢበደሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ወለዱ ብቻ በወር ወደ 42,500 ብር ስለሚጠጋ፣ ቤቱ በ20,000 ብር ቢከራይ ዋናው ብድር ሳይነካ በየወሩ ከ22,000 ብር በላይ ከደመወዝዎ መሙላት ግድ ይሆንብዎታል። የኪራይ ገቢ ግብርና እድሳቱም በዚህ ላይ የሚታሰቡ ናቸው። ተከራዮችዎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሆኑ ደግሞ ክረምቱን ቤቱ ባዶ ሊውል ይችላል፤ ባንኩ ግን ክረምት ነው ብሎ አይታገስም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ እኔ ብሆን ከዋጋው ግማሹን በእጄ ሳልይዝ አልበደርም ነበር።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው፤ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የካርታውን ትክክለኛነት፣ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከከተማው መሬት አስተዳደር ያጣሩ።