ቲአይዲ ማለት ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት አይደለም፦ የማዘዣ ፊደላት ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ የሚመልሱልን ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ዓመት ማዘዣ ሲያነቡ የኖሩ ፋርማሲስት ናቸው። ርዕሱ ሐኪሞች ማዘዣና ካርድ ላይ የሚጽፏቸው ምህጻረ ቃላት ነው።

ፋርማሲስቱ፦ እንደምን አመሻችሁ። የወረቀት ፎቶ አትላኩ፤ ስምና የካርድ ቁጥር ይታያል። ፊደሎቹን ብቻ ጻፉልኝ። እኔ ፊደል እፈታለሁ እንጂ በሽታ አልናገርም።

የሽምብጥ ልጅ፦ ዶክተር፣ አሞክሳሲሊን ቲአይዲ ተብሎ ታዞልኛል። በቀን ሦስቴ ነው አይደል?

ፋርማሲስቱ፦ ዶክተር አይደለሁም። አዎ፣ ሦስቴ ነው፤ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ፊደሎቹ ከላቲን የመጡ ናቸው፦ ቢአይዲ ሁለቴ፣ ቲአይዲ ሦስቴ፣ ኪውአይዲ አራቴ። የእኛ ሰው «ሦስቴ» ሲባል ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብሎ ይተረጉመዋል። ጠዋት 1፣ ቀን 7፣ ማታ 1 ሰዓት ከዋጥክ ግን ሌሊቱን ሙሉ 12 ሰዓት ያለ መድኃኒት ታድራለህ። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያውን የሚገድለው ደም ውስጥ ያለው መጠን ሳይወርድ ሲቆይ ነው። ስለዚህ በየ8 ሰዓቱ ውሰድ፦ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4። ከረጢቱ ላይ «1×3» ተብሎ ከተጻፈም ዝም ብለህ አትውጣ። ሦስቱን ፍሬ በአንድ ጊዜ የዋጡ እናት አጋጥመውኛል። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ ጽሑፉ ለሁለቱም ይሆናል።

ከዘጌ፦ ሰገራ ተመርምሬ ኤንኦፒ ተገኘብኝ። መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ፋርማሲስቱ፦ ምንም። የትል እንቁላልም ሆነ ሌላ ተውሳክ አልታየም ማለት ነው። «ተገኘብኝ» ያልከው አንተ ነህ።

የጣና ዳር፦ እንኳን ደስ አለህ! ብልሃርዚያ የለብህም ማለት ነው፤ ዓሣህን ብላ።

ከወረታ፦ ብልሃርዚያና ዓሣን ምን አገናኛቸው? ውኃ ውስጥ ያለው እጭ ነው ቆዳ በስቶ የሚገባው።

የጣና ዳር፦ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንዋኝ ምን ሆንን?

ከወረታ፦ ተመርምረህ ታውቃለህ?

ፋርማሲስቱ፦ ወረታ ልክ ነው። አንድ ናሙና ላይ እንቁላል አልታየም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ ጥቂት ከሆነ ያመልጣል። ሕመሙ ካልለቀቀ ምርመራው ይደገም። አሁን ከሐይቁ ውጡልኝ።

እናት ከፋሲሎ፦ ጋሼ፣ የእኔ ፒሲ ይላል። ጾም ላይ ነኝ፤ እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም።

ፋርማሲስቱ፦ ፒሲ ከምግብ በኋላ፣ ኤሲ ከምግብ በፊት ነው። እመቤቴ፣ የሚጾሙ መሆንዎን ለሐኪሙ ነግረውታል? ካልነገሩት ሰዓቱን የመደበልዎ ቁርስ እንደሚበሉ አስቦ ነው። ይንገሩት፤ ሊያስተካክልልዎ ይችላል።

የሽምብጥ ልጅ፦ የታመመ ሰው መጾም የለበትም እኮ።

የጣና ዳር፦ የሚፈቅደው የንስሐ አባት ነው እንጂ አንተ ነህ?

ፋርማሲስቱ፦ ይህን ለካህናቱ ተዉላቸው።

ከወረታ፦ የእህቴ ካርድ ላይ ፒቪ ይላል። ምን ሆና ነው?

ፋርማሲስቱ፦ የትኛው ክፍል የጻፈው ነው? የደም ምርመራ ላይ ከሆነ ቪቫክስ የሚባለው ወባ ነው። ፒኤፍ ቢሆን ፋልሲፓረም ይሆን ነበር፤ ሕክምናቸውም ይለያያል። የማህፀን ሐኪም ከጻፈው ግን በብልት በኩል የሚደረግ ምርመራ ነው። ሲኤስም እንዲሁ ነው፤ ማዋለጃ ክፍል ሲሆን በቀዶ ሕክምና መውለድ፣ ላቦራቶሪ ሲሆን ጀርሙን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ማየት። ክፍሉን ሳትነግሩኝ ፊደል አትላኩ።

የጣና ዳር፦ አርኦ ቲቢስ?

ፋርማሲስቱ፦ ቲቢ እንዳይሆን ይጣራ ማለት ነው። ያዘህ ማለት አይደለም።

ስም የለሽ፦ ውጤቴ ጥሩ ነው?

ፋርማሲስቱ፦ የምን ውጤት?

ከግሽ ዓባይ፦ ጋሼ፣ ለአባቴ ዛሬ ኢንሱሊን ተቀይሮለት ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው 40 ይሁን 4 ዩ መለየት አቃተኝ። የማታውን ልወጋው ነው።

ፋርማሲስቱ፦ አቁም። እስከ ትናንት ስንት ነበር የሚወጋው?

ከግሽ ዓባይ፦ 6።

ፋርማሲስቱ፦ 40 አይመስለኝም፤ ግን በእኔ ግምት መርፌ አይወጋም። ወረቀቱንና አባትህን ይዘህ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ለቀራችሁት ልንገራችሁ። ዩ ዩኒት ለማለት የሚጻፍ ፊደል ነው። በእጅ ሲጻፍ አፉ ከተዘጋ ዜሮ ይመስላል፤ 4 የነበረው 40 ሆኖ ይነበባል። አሥር እጥፍ ኢንሱሊን ስኳሩን አውርዶ ሰው ይገድላል። በዚሁ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳይጻፉ ካላቸው ውስጥ ይህች ፊደል አለችበት። በቀን አንዴ የሚለው ኪውዲም አለበት፤ ኪውአይዲ ተብሎ ከተነበበ አንዱ አራት ይሆናል። 5.0 ብሎ መጻፍም እንዲሁ፤ ነጥቧ ካልታየች 50 ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ ታዲያ ለምን በአማርኛ አይጽፉም?

ከወረታ፦ የመድኃኒቱን ስም በአማርኛ ጽፈህ ሌላ መድኃኒት ቢሰጡህስ?

ፋርማሲስቱ፦ ስሙ ባለበት ይሁን። አወሳሰዱ ግን በአማርኛ፣ ከነሰዓቱ ይጻፍላችሁ። ሳትጠይቁ ከመስኮቱ አትነሡ።

ስም የለሽ፦ ቢአይዲ ምንድን ነው?

ፋርማሲስቱ፦ ወደ ላይ ሂድ። መጀመሪያ ላይ ተናግሬያለሁ።

ከግሽ ዓባይ፦ ጋሼ፣ ደረስን። 4 ነው አሉኝ።

ፋርማሲስቱ፦ በቃል ብቻ ነው የነገሩህ?

ከግሽ ዓባይ፦ አይደለም፣ አጽፌዋለሁ። «አራት ዩኒት» ብለው በፊደል።

ፋርማሲስቱ፦ ጎበዝ። እኔም ልተኛ።