ቁልፉ በመሐረብ የተቋጠረው ቤት

ጥያቄ፦ እናቴ ጉለሌ ከምንኖርበት ቤት ሌላ፣ ፒያሳ አካባቢ የምታከራየው ባለ አራት ክፍል ቤት ነበራት። በ1967 ዓ.ም. «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ። ቁልፉን እስከ ዛሬ በመሐረብ ቋጥራ አስቀምጣዋለች። አሁን 86 ዓመቷ ነው፤ እኔ ደግሞ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። መንግሥትን ካሳ መጠየቅ እንችላለን?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ቁልፉ ሳነብ አባቴ ትዝ አሉኝ። እሳቸውም የተወረሰባቸውን ቤት የግብር ደረሰኝ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እንዳስቀመጡ ነው ያረፉት። ስለዚህ ለእርስዎ መልስ መስጠት ይከብደኛል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን፣ ማለትም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ያለውን፣ የመንግሥት አደረገ። ለቦታው ካሳ የለም አለ፤ ለቤቱ ግን ተገቢ ካሳ ይከፈላል ብሎ ነበር። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ባለቤቶቹ ግን ካሳውን ሳያዩ አረጁ። እኔ ይህን ዕዳ ነው የምለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መንግሥት የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይክፈል ቢልም፣ የ1967ቱን ውርስ አልሻረም። በአዋጁ መሠረት ለተወረሰ ቤት ዛሬ ካሳ ያገኛሉ ብዬ ተስፋ ልሰጥዎ አልችልም።

ከአዋጁ ውጭ የተወሰደ ንብረት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 110/1987 የወጣው ለዚህ ነው፤ እንዲያጣራም ሥልጣን የተሰጠው ለፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ ነበር። ይህን ሳያውቁ በቀጥታ መደበኛ ፍርድ ቤት ሄደው፣ ከዓመታት ምልልስ በኋላ «የማየት ሥልጣን የለኝም» ተብለው የተመለሱ ብዙ ናቸው።

ታዲያ ከደብዳቤዎ አንድ ነገር ጎድሎብኛል፦ የጉለሌው ቤት በማን ስም ነበር? በአያትዎ ስም ከነበረ፣ የፒያሳው የእናትዎ ብቸኛ ቤት ነበር ማለት ነው፤ «ትርፍ» የተባለበት ምክንያትም ይጠየቃል። የሁለቱንም ቤቶች ካርታና የግብር ደረሰኝ፣ የውርሱንም ደብዳቤ ፈልጉ። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በኤምባሲው በኩል ውክልና ይስጡ። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ እናትዎ ጋ ደውለው ያን ጊዜ ቀበሌ ሄደው ምን ብለው እንዳስመዘገቡ ይጠይቋቸው፤ ሲናገሩም ድምፃቸውን ይቅረጹ።