ከትንሣኤ በኋላም በሮቹ ተዘግተው ነበር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እናቴ ያረፈችው ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። በትንሣኤ ሌሊት «ክርስቶስ ተነሥቷል» ሲባል ከልቤ ደስ አለኝ፤ አንድ ቀን እናቴን እንደማገኛትም ጥርጥር አልነበረኝም። በዓሉ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ግን ሐዘኑ እንደ አዲስ ተመለሰብኝ፤ ልብሷን ከቁም ሣጥን ላወጣ ስነሣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንዲት ወዳጄ «በትንሣኤ የሚያምን ሰው እንዲህ አያለቅስም» አለችኝ። እምነቴ ደካማ ስለሆነ ይሆን? የዘላለም ሕይወትን ተስፋ የሚያደርግ ክርስቲያንስ በዓሉ ሲያልፍ በሚመጣው ተራ ቀን እንዴት ሊኖር ይገባዋል? ስሜ ይቆይልኝ።

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር የእናትዎን ነፍስ በመንግሥቱ ያሳርፍልን፣ ለእርስዎም መጽናናቱን ይስጥዎ። ወዳጅዎ የተናገሩት በቅንነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍ እንዲህ አያስተምርም። ቅዱስ ጳውሎስ የሞቱባቸውን ሰዎች እያሰቡ ይጨነቁ ለነበሩት ለተሰሎንቄ ክርስቲያኖች ሲጽፍ «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» አላቸው እንጂ ፈጽሞ አትዘኑ አላለም። የከለከለው ተስፋ የተለየውን ሐዘን ነው። ጌታችን ራሱ ወደ ቢታንያ በመጣ ጊዜ አልዓዛር በመቃብር ከዋለ አራት ቀን ሆኖት ነበር፤ ለማርታ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» ብሏታል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሟቹን በስሙ ጠርቶ እንደሚያስነሣው ያውቃል፤ ሆኖም ማርያም ስታለቅስ ባየ ጊዜ አለቀሰ። ማርያምንም «ለምን ታለቅሻለሽ፣ እምነትሽ ወዴት ነው?» ብሎ አልገሠጻትም። ሊያስነሣው የቆመው ጌታ ያለቀሰበትን መቃብር ያነበበ ሰው፣ ለእናቷ የምታለቅስን ልጅ በእምነት ማነስ ሊከስሳት ይቸግረዋል።

ደስታዎ ቶሎ የደበዘዘብዎ መሆኑም የእርስዎ ብቻ ነገር አይደለም። የዮሐንስን ወንጌል 20ኛ ምዕራፍ ረጋ ብለው ያንብቡት። ትንሣኤው በተፈጸመበት እሑድ ምሽት ደቀ መዛሙርቱ አይሁድን ስለ ፈሩ በራቸውን ዘግተው ተቀምጠው ነበር፤ ጌታችን በመካከላቸው ቆሞ እጆቹንና ጎኑን አሳያቸው፣ እነርሱም ደስ አላቸው። ወንጌላዊው ቀጥሎ ከስምንት ቀን በኋላ ዳግመኛ በአንድ ቤት እንደ ተሰበሰቡ ሲነግረን አሁንም «ደጆች ተዘግተው ሳሉ» ይላል። ተነሥቶ በዓይናቸው ያዩት፣ ድምፁን የሰሙት፣ ቁስሉን የተመለከቱት እነዚያ ሰዎች ከሳምንት በኋላም የተቀመጡት በዝግ በር ውስጥ ነበር። ጌታችን ስለ በሩ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረም፤ ገብቶ በመጀመሪያው ምሽት ያላቸውን «ሰላም ለእናንተ ይሁን» ደግሞ ነገራቸው። ባለፈው ጊዜ ያልነበረውን ቶማስንም ሊያጸና የመጣው በዚያው ዕለት ነው። የሐዋርያት ሥራ እንደሚነግረን ከዚህ በኋላም እስከ 40 ቀን ድረስ እየታያቸው ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ነገራቸው። ለልብ መጽናት የአንድ ሌሊት ደስታ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ቀን ባላስፈለገ ነበር። እኔ በበኩሌ ከትንሣኤው ታሪክ ሁሉ ያዘነን ሰው አብልጦ የሚያጽናና ክፍል ይህ ይመስለኛል።

ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ስለምታውቅ የትንሣኤን ደስታ በአንድ ቀን አልወሰነችውም። እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት እንደ አንድ ታላቅ በዓል ይቆጠራሉ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ የተሰበሰቡት አባቶች በ20ኛው ቀኖናቸው በእነዚህ ቀናትና በየእሑዱ ምእመናን ሳይንበረከኩ ቆመው እንዲጸልዩ አዝዘዋል። ቆሞ መጸለይ ከክርስቶስ ጋር የተነሣ ሰው አቋም ነው። በሐዘን የደከመ ሰው ልቡ ገና ባይነሣም በአካሉ ቆሞ መጸለይ ይችላል፤ ልብም ብዙ ጊዜ አካልን ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ የጸሎት ቃል ቢጠፋብዎ እንኳ በጠዋት ተነሥተው ይቁሙና ጸሎተ ሃይማኖትን እስከ መጨረሻው ይድገሙ፤ ስለ ሙታን ትንሣኤና ስለሚመጣው ዓለም ሕይወት ከሚናገረው የመጨረሻ ቃል ሲደርሱም ቀስ ብለው የእናትዎን ስም አስበው ይበሉት።

ሌላም ልነግርዎ የምፈልገው አለ። ብዙዎቻችን የዘላለም ሕይወትን ከሞት በኋላ ብቻ የሚጀምር ነገር አድርገን ስለምናስበው ዛሬ ባዶ ይሆንብናል። ጌታችን ግን ቃሉን ሰምቶ የላከውን የሚያምን «የዘላለም ሕይወት አለው» አለ፤ «ከሞትም ወደ ሕይወት ተሻገረ» ብሎም እንደ ተፈጸመ ነገር ተናገረ። በመጨረሻዋ ሌሊት ወደ አብ ሲጸልይም የዘላለም ሕይወት እውነተኛውን አምላክና የላከውን ኢየሱስ ክርስቶስን ማወቅ እንደሆነች ገልጿል። ይህ ዕውቀት ፍጻሜው በሚመጣው ዓለም ቢሆንም መጀመሪያው እዚሁ ነው፤ በጸሎት፣ ቃሉን በመስማት፣ ሥጋውንና ደሙን በመቀበል፣ ባልንጀራን በመውደድ ይገኛል። ደግሞም ከሞት የተነሣው ጌታ የችንካሩ ምልክት በእጁ ላይ እንዳለ መታየቱን ልብ ይበሉ። ትንሣኤው የተቀበለውን መከራ እንዳልነበረ አላደረገውም። የእናትዎ ሕይወት፣ ድካሟ፣ ልጆቿን ያሳደገችበት ፍቅርም እንዳልነበረ የሚጣል አይደለም።

ይህ ተስፋ በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ አንድ የጥንት ምስክር አለ። በ3ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያን ብርቱ ቸነፈር በመታት ጊዜ የከተማይቱ ጳጳስ ዲዮናስዮስ ለትንሣኤ በዓል የጻፈውን መልእክት የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ አቆይቶልናል። ለሌሎች ሰዎች ጊዜው ከቶ የበዓል ጊዜ እንደማይመስላቸው ዲዮናስዮስ አልሸሸገም፤ ሙሾ በየስፍራው ይሰማ ነበር። ከምእመናኑ ብዙዎቹ ግን ለራሳቸው ሳይሳሱ ሕመምተኞችን ያስታምሙ፣ የሞቱትንም ዓይናቸውን ከድነው፣ አጥበውና ገንዘው ይቀብሩ እንደነበር፣ ከእነርሱም ቀሳውስት፣ ዲያቆናትና ሌሎች ምእመናን በዚሁ አገልግሎት እንደሞቱ ጽፏል። እነዚያ ሰዎች ሞትን አልናቁትም፤ በየቤቱ ያዩት ነበርና። ነገር ግን የመጨረሻው ቃል የሞት እንዳልሆነ ስላመኑ ሌላው ከሸሸው በሽተኛ አልጋ አጠገብ ለመቀመጥ አቅም አገኙ።

የእናትዎን ልብስ ለማውጣት አይቸኩሉ፤ ቀን የተቆረጠለት ግዴታ አይደለም። ጊዜው ሲደርስ ከሚወዱት ሰው ጋር ሆነው ያውጡትና ለሚያስፈልገው ይስጡት። እስከዚያው ግን ከእሑድ ጸሎት በኋላ እንደ እርስዎ ሰው የሞተበትን አንድ ቤተሰብ ሄደው ቢጠይቁ መልካም ነው። ምክር ይዘው መሄድ አይጠበቅብዎትም፤ አብረው ቢቀመጡ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ከዘንድሮው ትንሣኤ ወዲህ «አገራችን በሰማይ ነው፣ ይህ ዓለም አላፊ ነው» እያለ ሥራውን ትቷል። ቀኑን በጸሎትና ስብከት በመስማት ያሳልፋል፤ የአረጋውያን ወላጆቻችን ነገር በእኔ ትከሻ ላይ ወድቋል። ስናገረው «አንተ ምድራዊ ነህ» ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ ወንድምዎ የጠቀሰው ቃል እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሚቀጥለው ቃል ለይቶታል። «አገራችን በሰማይ ነውና» ያለው ጳውሎስ ብዙም ሳይርቅ በፊልጵስዩስ የነበሩትን ኤዎድያንና ሲንጤኪን የተባሉ ሁለት ሴቶች በስም ጠርቶ በጌታ አንድ አሳብ ሆነው እንዲስማሙ ይመክራል። አገሩ በሰማይ የሆነ ሰው እዚህ ካለው ጋር መታረቅ አለበት ማለቱ ነው። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክትም እንዲሁ ነው፤ 15ኛው ምዕራፍ ስለ ትንሣኤ ሙታን የተነገረበት ታላቅ ክፍል ነው፣ ዘር ካልሞተ ሕያው እንደማይሆን፣ በውርደት የተዘራው አካል በክብር እንደሚነሣ፣ ሞትም በድል እንደሚዋጥ ይናገራል። መደምደሚያው ግን «ድካማችሁ በጌታ ከንቱ እንዳይሆን አውቃችሁ የምትደላደሉ፥ የማትነቃነቁም፥ የጌታም ሥራ ሁልጊዜ የሚበዛላችሁ ሁኑ» የሚል ነው። ወዲያው በ16ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ በኢየሩሳሌም ላሉት ችግረኞች ስለሚዋጣው ገንዘብ ይናገራል፤ እያንዳንዱ በየሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን፣ ማለትም ትንሣኤው በተፈጸመበት በእሑድ፣ እንደ ቀናው መጠን እንዲያስቀምጥ ያዝዛል። ሥራውን የተወ ሰው ከምን ያዋጣል?

ወንድምዎ የገባበት ፈተና አዲስ አይደለም። በተሰሎንቄ የጌታ ቀን ደርሷል በሚል ወሬ የታወኩ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራ ፈትተው የሚዞሩም ነበሩ፤ ብዙ ተርጓሚዎች ሁለቱን ነገር ያያይዟቸዋል። ጳውሎስ በማንም ላይ ሸክም ላለመሆን ሌሊትና ቀን በእጁ እየሠራ እንደኖረ ካስታወሳቸው በኋላ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» አላቸው። ስለ ወላጆችም ቢሆን፣ ዓለምን ያዳነው ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ መስጠቱን ወንድምዎን ያስታውሱት። ጸሎቱን ግን አይንቀፉበት፤ ከነቀፉበት ምድራዊ ነህ ያለዎት እውነት ይመስለዋል። ጠዋት አብረውት ይጸልዩ፣ ከጸሎቱም በኋላ ከወላጆቻችሁ ጉዳይ አንዱን፣ ለምሳሌ ሐኪም ቤት መውሰዱን፣ የእርሱ ድርሻ አድርገው ይስጡት። ጳውሎስም በዚያው ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት እንዲህ ያለውን ሰው «እንደ ወንድም ገሥጹት እንጂ እንደ ጠላት አትቍጠሩት» ብሏልና፣ ሁለቱን የተሰሎንቄ መልእክታት ከእርሱ ጋር ተቀምጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራችሁ ብታነቡ ከእርስዎ ክርክር ይልቅ የሐዋርያው ቃል ይሰማዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።