ታማራኬን ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። የተከራየነው ቤት ጓሮ ትልቅ ታማራክ አለ፣ ያው የላርች ዘር ነው፣ ሲያዩት ጥድ ይመስላል ግን ኦክቶበር ላይ ቅጠሉ ወርቅ መስሎ ሙልጭ ብሎ ይረግፋል። ልጆቼ እሱ ጥላ ስር ነው ያደጉት፣ በሚቀጥለው ዓመት ቤቱን ስለምንለቅ ዘሩን ይዤ ልሄድ ብዬ፣ እናቴ አገር ቤት ኮርች ቆርጣ ስትሰካ አጥር ይሆንላት ስለነበር እኔም ማርች ላይ 12 ቅርንጫፍ ቆርጬ አፈር ውስጥ ሰካሁ። ሜይ ላይ ሁሉም ለመለሙ፣ ጁን ሳያልቅ ግን አንድም ሳይቀር ደረቁ፣ ስነቅላቸው ሥር የሚባል የለም። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላጠፋሽም፣ ጊዜውም ልክ ነበር። ያ ልምላሜ እንጨቱ ውስጥ ከአምና ከተጠራቀመው ምግብ የመጣ ነው፣ ቅጠሉ ከተከፈተ በኋላ ግን ውሃ ይፈልጋል፣ ከታች የሚስብለት ሥር ስለሌለ ስንቁ ሲያልቅ ይደርቃል። ኮርች ቶሎ ሥር ይሰዳል፣ ላርች እንደሱ አይደለም፣ በተለይ ዛፉ ትልቅ ከሆነ በጣም ይከብዳል። ካናዳ ኩቤክ ውስጥ ዲቃላ ላርች በካቲንግ፣ ማለትም ቅርንጫፍ ቆርጦ ሥር በማስያዝ፣ የሚያባዙ ችግኝ ጣቢያዎች እንኳን ከትልቅ ዛፍ አይቆርጡም፣ ከዘር ከበቀሉ ጥቂት ዓመት ከሆናቸው ትንንሽ ችግኞች ነው የሚወስዱት።

ልድገመው ካልሽ ፌብሯሪ መጨረሻ ላይ አምና ያደገውን ቀጭን ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ቁረጪ፣ ከታች በአንድ በኩል ልጡን ትንሽ ፋቅ አድርገሽ የሥር ማስወጫ ሆርሞን ዱቄት አስነኪው፣ ከዛ አፈር ሳይሆን ፐርላይት (ነጭ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) ከፒት (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ሞስ፣ ማለትም ሽበት) ጋር የተቀላቀለበት ውስጥ ሰክተሽ የችግኝ ማሞቂያ ምንጣፍ ከታች አንጥፊለት፣ ከላይ ግን ቀዝቀዝ ይበል፣ ሥሩ ቅጠሉን እንዲቀድመው ነው የምንፈልገው። ከጎን ቅርንጫፍ የተቆረጠው ቢይዝልሽም መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብሎ አያድግም፣ ወደ ጎን ይጋደማል፣ በእንጨት ደግፊው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ካንቺ ዛፍ በዚህ መንገድ ብዙ አልጠብቅም። ረግረግ ላይ የታማራክ ዝቅ ያሉ ቅርንጫፎች እርጥብ ሞስ ሲሸፍናቸው ሳይቆረጡ ሥር ይሰዳሉ፣ አንቺም መሬት የሚደርስ ቅርንጫፍ ካለው አጎንብሰሽ መሀሉን አፈር አልብሺው፣ ድንጋይ ጫኚበትና እንዳይደርቅ ውሃ አጠጪ። ግን ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ቤቱን ከመልቀቅሽ በፊት ላይደርስልሽ ይችላል።

ስለዚህ ዘሩን ያዢ። ሴፕቴምበር መግቢያ ላይ ኮኖቹ (ዘሩን የያዙት ቅርፊታም ፍሬዎች) ሳይከፈቱ ከልጆቹ ጋር ልቀሙ፣ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ደረቅ ቦታ ሲቀመጡ ተከፍተው ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ዘሮች ያራግፋሉ። እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርገሽ ከ1 እስከ 2 ወር ፍሪጅ አቆዪና ስፕሪንግ ላይ ዝሪ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ባዶ ዘር ስለሚበዛው ብዙ ዝሪ፣ የበቀለውን ደሞ ጥላ ስር እንዳታስቀምጪው፣ ላርች ፀሐይ ካላገኘ አይሆንለትም። መልኩ ቁርጥ እናቱን ላይሆን ይችላል፣ ልጇ ግን ነው፣ አዲሱ ቤትሽ በማሰሮ ይዘሽው ትገቢያለሽ።