ለፋሲካ ካርታና ፖለቲካ ይከልከሉ?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ገና ሲደርስ የባለቤቴ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ተጠራርቶ የሚውለው እኛ ቤት ነው። የሚያድረውም ብዙ ነው። ቅርጫ ስለምንገባ ሥጋ እንደ ጉድ ነው። ዶሮው፣ ዱለቱ፣ ድፎ ዳቦው፣ ጠላው አያልቅም። ከተበላ በኋላ ካርታ ይወጣል። ዳማም አለ፣ በቢራ ቆርኪ። የዚያን ቀን ጨዋነት የሚባል ነገር የለም። ዳማው ላይ የነገሠ ቆርኪ ሁሉ የአንድ ባለሥልጣን ስም ይወጣለታል፤ ሲበላ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አማቴ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ እሳቸውንም አይምሯቸውም። «ጋሼ ያስቀመጡት ፋይል እስካሁን ፊርማ እየጠበቀ ነው» ይሏቸዋል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ቀጥሎ ምሬት ነው። የቤት ኪራይ፣ ነዳጅ፣ ዘይት፣ ግብር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ዶላር ሳይነሳ ያለፈ በዓል የለም።

ዘንድሮ ግን ነገር ተበላሸ። ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ማለቴ ነው፣ በካርታ ደጋግሞ ተሸነፈ። የሚያሸንፈው የእህታቸው ባል ነበር። እሱ ከሌላ ብሔር ነው። ከተጋቡ ቆይተዋል፣ ልጆችም አሏቸው። ዋርሳዬ «ምን ይደረግ፣ ዘመኑ የእናንተ ነው!» አለው። ሰውየው መልስ አልሰጠም። ካርታውን አስቀመጠ፣ ልጆቹን ጃኬት አለበሰ፣ ሚስቱን ይዞ ወጣ። እኔ ጓዳ ቡና እየቆላሁ ስለነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ባለቤቴ አሁን «ለፋሲካ ካርታም ፖለቲካም እዚህ ቤት አይገባም» ብሏል። ዋርሳዬ «ቀለድኩ እንጂ ምን አደረግሁ» ባይ ነው። ምን ይሻለናል?

የበዓል አዘጋጇ፣ ከአዲስ አበባ

*

ውድ እህቴ፣

ክልከላው ይቅርባችሁ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጠላ ተቀድቶ፣ ስለ ኑሮ ሳይማረር የሚያመሽበትን ቤት እኔ አላውቅም። ፖለቲካን ከሳሎን ብታስወጡት በረንዳ ላይ ይቀጥላል። እዚያ ደግሞ የሚያበርድ ሽማግሌ የለም።

ለነገሩ በገና መሳደብ ከእናንተ አልተጀመረም። ዋርሳሽም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሳይል የቀረ አይመስለኝም። እውነቱን ነው። ሜዳ ላይ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩር ሲለጉ ጌታውም ሎሌውም እኩል ይጋፉ ነበር። ያሸነፈው ወገን በግጥም ይሳደባል። ሌላ ቀን ቢነገር የሚያስገርፍ ነገር ያን ቀን በጌታው ፊት ይዘፈናል። ጨዋታውን የጀመሩት እረኞች ናቸው ይባላል። እነዚያው እረኞች የሚያንጎራጉሩትንም ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር፤ የሕዝቡ ብሶት ያለው እዚያ ነዋ! ስለዚህ የእናንተ ቤት ቆርኪ ንጉሥ በባለሥልጣን ስም ቢጠራ ወጉን የጠበቀ ነው። እኔም ብኖር እስቅ ነበር።

ግን አባባሉ እንዳይቆጣ የሚጠይቀው ማንን ነው? ጌታን። ጉልበት ያለውን፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያዝዝ የከረመውን። ጋሼ በፋይላቸው ሲቀለድ የሚስቁት የቤቱ ትልቅ ስለሆኑ ነው፤ ክብራቸው በአንድ ቀልድ አይነቃነቅም። የእህታችሁ ባል ግን እዚያ ቤት ብቻውን ነው። በአማቾቹ ተከቦ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ እሱ ላልሾመው መንግሥት መልስ ስጥ ተባለ። ምናልባት የእሱም የቤት ኪራይ እንደ እናንተው ጨምሮ ይሆናል። ከእናንተ ጋር ሲያማርር ያመሸ ሰው በአንዴ የሚማረሩበት ሆኖ አረፈው። ይሄ ቀልድ አይደለም። ካርታ የተሸነፈ ሰው ብሽቀት ነው፤ መውጫ ያገኘው በብሔር በኩል መሆኑ ነው የሚያሳዝነው።

ሰውየው ዝም ብሎ መውጣቱን እንደ ኩርፊያ አትቁጠሩበት። ልጆች ባሉበት ከዚህ የተሻለ መልስ እኔም አይመጣልኝም።

አሁን ዋርሳሽ ይሂድ። ብቻውን ሳይሆን ጋሼ ይዘውት ይሂዱ። አማት በልጃቸው ባል ደጅ ሲቆሙ ነገሩ ክብደት ያገኛል፤ ሰውየውም ለመታረቅ አያፍርም። ስልክ አይበቃም። ባለቤትሽ ደግሞ የቤቱ ጌታ ሆኖ ሳለ ዝም ብሎ ማየቱን በራሱ አፍ ይናገር፤ ክልከላ ከማወጅ ይሄ ይቀድማል። ሁዳዴ ሳይገባም ሆነ ከገባ በኋላ መሄድ ይቻላል። ጾም ከሆነ ባለቤቶቹም ለድግስ አይጨነቁም፣ ቡና ይበቃል። ዋርሳሽ ግን «ቀልዴን ነበር» ብሎ እንዳይጀምር አደራ። እንደዚያ ከጀመረ ባይሄድ ይሻላል። «ልጆችህ ፊት አዋረድኩህ» ካለ በቂ ነው።

ለፋሲካ ካርታው ይውጣ። ሰውየው ተመልሶ ከመጣ ሁለቱን አንድ ወገን አድርጋችሁ አጫውቷቸው። መንግሥትን እንደ ልባችሁ እሙት፣ ዶላሩንም አብጠልጥሉት። የተቀመጠ እንግዳ ላይ የዞረ ዕለት ግን ጋሼ እዚያው ላይ «በቃ» ይበሉ። ይሄን ለእሳቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ አንቺ ባትጠይቂኝም። ያን ሁሉ ሰው የሚያጠግብ ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልቱ ተገንጥሎ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ሲቁላላ ውሎ የሚወጣው ከአንቺ ጓዳ ነው። ጨዋታው ሲደራ አንቺ ቡና ትቆያለሽ። ፋሲካ ላይ በካርታ የተሸነፈ ሁሉ ሰሃን ይጠብ። ዋርሳሽ እጁ ጥሩ ካልሆነ የሳሙናውን ነገር ከአሁኑ አስቢበት።