ልጃችን 12 ዓመት ሳይሞላው ወደ ኦላንድ ደሴቶች ብንሄድስ?

ጥያቄ፦ ሄልሲንኪ ስኖር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ የፊንላንድ ዜግነትም አግኝቻለሁ። ባለቤቴ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ በመኖሪያ ፈቃድ ነው የሚኖረው። የ15 ዓመት ሴት ልጅና በመጪው መጋቢት 12 ዓመት የሚሞላው ወንድ ልጅ አሉን፤ ሁለቱም የፊንላንድ ዜጎች ናቸው። ባለፈው ሐምሌ ኦላንድ ደሴቶችን ጎብኝተን ልባችን እዚያው ቀረ። ባሕር ዳር ያለች የእንጨት ቤት የሚሸጥልን ሰው ውል በኢሜይል ልኮልናል፤ ፈርመን 5,000 ዩሮ ቀብድ እንድናስገባለት ይጠብቃል። ባለቤቴ ቡና ቤት ለመክፈት ያስባል። “እዚያ የውጭ ሰው መሬት አይገዛም” የሚሉን አሉ፤ እኔ ግን ዜጋ ነኝ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቀብዱን አያስገቡ፤ ውሉንም አይፈርሙ። ምክንያቱን ወደ ታች አመጣዋለሁ። ከዚያ በፊት “እኔ ግን ዜጋ ነኝ” ያሉትን እናንሳ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነውና።

ኦላንድ የፊንላንድ ግዛት ነው፤ ግን በራስ ገዝ አስተዳደር ሕግ የሚተዳደር፣ ስዊድንኛ ተናጋሪ የሆነ፣ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ባንዲራ ያለው ደሴት ነው። የሕዝቡ ቁጥር 30,000 አካባቢ ነው። በዚህ ምድር ላይ የፊንላንድ ዜግነት የግማሽ መንገድ ስንቅ ብቻ ነው። ቀሪውን ግማሽ የሚሞላው ደሴተኞቹ “ሄምቢግድስሬት” የሚሉት መብት ነው፤ በእኛ አነጋገር የባለአገርነት መብት ብንለው ያስኬዳል። የደሴቱ ምክር ቤት ሲመረጥ ድምፅ መስጠትና መወዳደር፣ መሬት ያለ ልዩ ፈቃድ መግዛት፣ ንግድ ያለ ልዩ ፈቃድ መክፈት የሚቻለው በእሱ ነው። ስለዚህ “የውጭ ሰው” የሚለው ቃል እርስዎን የሚመለከተው ከኢትዮጵያ ስለመጡ አይደለም። ከሰባት ትውልድ ጀምሮ ሄልሲንኪ የኖረ ፊንላንዳዊም መብቱ ከሌለው በዚያች ቤት ፊት ከእርስዎ እኩል ይቆማል።

ይህን አድልዎ ነው የሚሉ አጋጥመውኛል፤ አልስማማም። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1917 ከሩሲያ ስትለይ የኦላንድ ሰዎች ወደ ስዊድን መቀላቀል ፈልገው ነበር። ክርክሩ እስከ መንግሥታት ማኅበር ደርሶ በ1921 ግዛቱ ለፊንላንድ ሲጸና፣ በምትኩ የደሴተኞቹ ቋንቋ፣ ባህልና መሬት እንዲጠበቅላቸው ዋስትና ተሰጠ። ፊንላንድ በ1995 የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆንም የመሬቱና የንግዱ ገደብ በልዩ ፕሮቶኮል ጸንቶ ቀጠለ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ጥቂት ሕዝብ ያለበት ደሴት መሬቱን ለበጋ ጎብኚ ሸጦ ከጨረሰ ቋንቋውም አብሮት ይሸጣል። መሬቷን አጥብቃ ከያዘች አገር የመጣ ሰው ይህን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም።

መብቱን ለማግኘት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። የፊንላንድ ዜጋ መሆን፣ ኦላንድ ገብቶ ሳያቋርጡ ቢያንስ 5 ዓመት መኖር፣ በቂ ስዊድንኛ ማወቅ። ማመልከቻውን የሚወስነው የደሴቱ መንግሥት ነው። የመጀመሪያውን አሟልተዋል። ሁለተኛው የሚቆጠረው ከደረሱበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የኖሩበት እያንዳንዱ ወር ከቤቷ ዋጋ በላይ ዋጋ አለው። ሦስተኛውን ግን ዛሬ ማታ ሊጀምሩት ይችላሉ። ለዜግነት ያቀረቡት የፊንላንድኛ ችሎታ እዚህ ቦታ የለውም። በፍርድ ቤትና በማዕከላዊ መንግሥት መሥሪያ ቤት በራስዎ ጉዳይ ፊንላንድኛ የመናገር መብት አለዎት፤ የደሴቱ አስተዳደርና ማዘጋጃ ቤቱ ግን በስዊድንኛ ነው የሚሠሩት። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ትምህርት ቤትም የሚያስተምረው በስዊድንኛ ነው። የእርስዎ ሙያ ደግሞ ከአረጋውያን ጋር ነው፤ ሌሊት ላይ ሕመሟን የምትነግርዎት እናት በምን ቋንቋ እንደምትነግርዎ ያስቡት። ሄልሲንኪ ሳሉ መማር ይጀምሩ።

ለመሄድና ለመኖር ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልግዎትም። ተቀጥሮ ለመሥራትም የባለአገርነት መብት አይጠየቅም። ባለቤትዎም ቢሆኑ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው የፊንላንድ መንግሥት እንጂ ደሴቱ ስላልሆነ ፈቃዳቸው ኦላንድ ላይም ይጸናል። የአድራሻ ለውጥ ማስታወቂያውን በተዛወራችሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ አስገቡ፤ ነገ “ከመቼ ጀምሮ ነው የኖርሽው?” ተብለው ሲጠየቁ የሚመሰክርልዎት እሱ ነው። ወረቀቱ ከእውነቱ ጋር ይስማማ። አድራሻ ኦላንድ አስመዝግቦ ሄልሲንኪ መክረም ቆጠራውን የሚያበላሽ፣ በሐሰት የሚያስጠይቅም ነገር ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ቀልቤን የያዘው የመጋቢቱ ልደት ነውና። ፊንላንድ ውስጥ ወንድ ልጅ 18 ዓመት በሚሞላው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ይጠራል። ኦላንድ ግን ከ1856 የፓሪስ ስምምነት ጀምሮ ጦር የማይሰፍርባት ምድር ናት፤ እዚያ የሚኖርና የባለአገርነት መብት ያለው ወጣትም ከውትድርና ነፃ ነው። የራስ ገዝ አስተዳደሩ ሕግ እዚህ ላይ አንድ በር ዘግቷል፦ 12 ዓመት ከሞላው በኋላ ወደ ደሴቱ የገባ ሰው ይህ ነፃነት አይደርሰውም። ልጅዎ በየካቲት ቢገባና በሚያዝያ ቢገባ ልዩነቱ እንግዲህ የሁለት ወር አይደለም። ውትድርናውን መጥላት ወይም መውደድ የቤተሰቡና የልጁ ፈንታ ነው፤ እኔ የምለው ምርጫው በቀን ስህተት ከእጁ እንዳይወጣ ነው።

በሩ የሚከፈተው ግን ሁለት ቁልፍ ሲገጥም ነው። ልጁ ራሱ ከ12 ዓመቱ በፊት መግባት አለበት፤ ባለአገርነቱን ደግሞ በእርስዎ በኩል ማግኘት ይችላል። ሕጉ የፊንላንድ ዜጋ የሆነና ኦላንድ የሚኖር ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ከእናቱ ወይም ከአባቱ አንዳቸው መብቱ ካላቸው ባለአገር ይሆናል ይላል። አሁን ከገቡ 5 ዓመቱ ሲሞላዎት ልጁ ገና 16 ወይም 17 ላይ ነው፤ ለማመልከቻው ሂደት የሚሆን ጊዜም ይተርፋል። የሥራ መልቀቂያዎ ከመጋቢት በኋላ የሚዘልቅ ከሆነ አባቱ ልጁን ይዘው ቀድመው ሊገቡ ይችላሉ፤ የልጁን የአድራሻ ለውጥ አሳዳጊዎቹ ሁለታችሁም መስማማታችሁ ይጠየቃልና ፊርማዎን አስቀድመው ይስጡ። እርስዎ ግን ብዙ አይዘግዩ። በአንድ ዓመት ከዘገዩ መብቱን ሲያገኙ ልጁ 18 ሊሞላው ይችላል፤ ያን ጊዜ በእርስዎ በኩል የሚያልፍለት ነገር የለም።

ሴት ልጅዎን በተመለከተ ስሌቱ ይለያል። እርስዎ 5 ዓመት ሲሞላዎት እሷ 20 ይሆናታል፤ ስለዚህ በራሷ ስም፣ በራሷ 5 ዓመትና በራሷ ስዊድንኛ ማመልከት ይኖርባታል። ትምህርቷን በስዊድንኛ ከጨረሰች ቋንቋው አይከብዳትም። የምፈራው 18 ዓመት ሲሞላት ለዩኒቨርሲቲ ቱርኩ ወይም ስቶክሆልም ሄዳ ቆጠራዋ እንዳይጎዳ ነው። አድራሻዋን ከማዛወሯ በፊት የደሴቱን መንግሥት በጽሑፍ ትጠይቅ። መብቱ ከተገኘ በኋላም ቢሆን ከኦላንድ ውጭ ከ5 ዓመት በላይ የኖረ ሰው ያጣዋል።

ውሉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ገጽ ነው፤ በተራ ቁጥር 4 ላይ “ገዥ አስፈላጊውን ፈቃድ በራሱ ኃላፊነት ያወጣል” ይላል፤ በተራ ቁጥር 6 ደግሞ “ሽያጩ ካልተፈጸመ ቀብዱ ለሻጭ ይቀራል” ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ያንብቧቸው። ቤቷ ከነመሬቷ ስለምትሸጥ፣ እርስዎም የባለአገርነት መብት ስለሌለዎት፣ ከደሴቱ መንግሥት የመሬት መግዣ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። እዚያ ገብቶ የሚኖር ሰው ለቋሚ መኖሪያው ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ በባሕር ዳርቻ መሬት ላይ ግን አስተዳደሩ እጁን አጥብቆ ነው የሚይዘው። የእርስዎ ቤት ደግሞ በር ላይ የጀልባ ማሰሪያ ያላት ናት። ፈቃዱ ቢከለከል በዚህ ውል መሠረት ቤቷም ገንዘቡም የሻጩ ሆኑ ማለት ነው።

በፊንላንድ ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ሻጭና ገዥ በይፋዊ የሽያጭ አረጋጋጭ ፊት፣ ወይም በመንግሥት የኤሌክትሮኒክ የንብረት ሽያጭ ሥርዓት ካልፈረሙ አይጸናም። “በኋላ እንሸጥልሻለን” የሚል የቅድሚያ ውልም ያንኑ ሥርዓት ይከተላል። በኢሜይል ተልኮ በየቤቱ የሚፈረም ወረቀት አያስገድድም፤ የተከፈለ ቀብድም ሻጩ ለማስታወቂያና ለመሳሰለው ካወጣው ተገቢ ወጪ በስተቀር መመለስ አለበት። ታዲያ ምን ያስፈራል? ገንዘቡ ከእጅዎ ከወጣ በኋላ ሕጉ ከእርስዎ ጋር መሆኑን ለማስረዳት ጠበቃ ይዘው የሚመላለሱት እርስዎ ነዎት።

ቤት የግድ እንግዛ ካላችሁ ሌላ መንገድ አለ። በፊንላንድ አፓርታማ የሚሸጠው በቤቶች አክሲዮን ማኅበር ድርሻ ነው፤ ድርሻ መሬት ስላልሆነ የመሬት ፈቃዱ አያግደውም። ከሁሉ የሚሻለው ግን በዋና ከተማዋ በማሪየሃምን ተከራይቶ መጀመር ነው። አንድ ክረምት በዚያ ጨለማና ነፋስ ውስጥ ያሳልፉ፤ ሐምሌ ላይ ያዩትን ባሕር በጥር ይዩት።

ወደፊት ፈቃድ አግኝተው ቢገዙ የባለቤትዎን ስም በሰነዱ ላይ ለማስገባት አይቸኩሉ፤ በገዥነት የሚገባ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋልና። ስማቸው ባይኖርም መብታቸው ሜዳ ላይ አይወድቅም። በጋብቻ ውል ካልተገደበ በስተቀር የፊንላንድ የጋብቻ ሕግ በፍቺ ወይም በሞት ጊዜ የተጣራውን ንብረት እኩል ያካፍላል፤ የጋራ መኖሪያ የሆነ ቤትም ያለ ሌላው ተጋቢ ስምምነት አይሸጥም። ይህን ለእርሳቸውም ያንብቡላቸው።

ቡና ቤቱን ለመክፈት መብቱ የሌለው ሰው ከደሴቱ መንግሥት የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። በሩ የተዘጋ አይደለም፤ ግን የሱቅ ኪራይ ውል ከመፈረም በፊት ፈቃዱ ይቅደም። ባለቤትዎ ራሳቸው የባለአገርነት መብት የሚያገኙት ዜግነት ከወሰዱ ብቻ ነው። ፊንላንድ ጥምር ዜግነት ትቀበላለች፤ የእኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ይህን በጥድፊያ እንዲወስኑ አልመክርም፤ የልጁ መብት በእርስዎ በኩል ስለሚመጣ የሚያጣድፋቸውም የለም።

በዚህ ሳምንት ለሻጩ እንዲህ ብለው ይጻፉለት፦ “ቤቱን እንፈልጋለን፤ ውሉን በይፋዊ አረጋጋጭ ፊት የምንፈርመው ግን የመሬት መግዣ ፈቃድ ካልተሰጠን ውሉ ቀሪ እንደሚሆንና ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ ከተጻፈበት ብቻ ነው።” ከተስማማ ረቂቁን ከመፈረምዎ በፊት ይላኩልኝ። ካንገራገረ ቤቷ ትቅርባችሁ። የማሪየሃምኑን ኪራይ ቤት ግን ከዛሬ ጀምራችሁ ፈልጉ፤ መጋቢት ቅርብ ነው።